ከዳሽቦርዱ ጀርባ

ወዳጄ፣ የሚቀልጥ ሊድ ሽታ ታውቀዋለህ? ካውያው ግሎ የሽቦው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ሊዱ ቀልጦ ይንጣለልና ቀጭን ነጭ ጭስ ይነሳል። ሆዱ ውስጥ የጥድ ሙጫ ስላለበት ጭሱ ዕጣን ዕጣን ይላል። እኔን ዛሬም መንገድ ላይ ይሄ ሽታ ካገኘኝ እግሬ ቀጥ ይላል፤ ልቤም ሳላዘው ሶማሌ ተራ ይገባል። እዚያ ጺሜ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ፣ ክረምት ከበጋ በአንድ ሹራብ የምመላለስ ልጅ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ወለል ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እጄን ዳሽቦርድ ሥር ሰድጄ የምውል የኤሌክትሪሻን ረዳት።

ሱቃችን ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ ሥራው ግን ደጅ፣ መንገዱ ዳር ነው የሚሠራው። ግራና ቀኛችን የአሮጌ መለዋወጫ ክምር፣ የተቃጠለ ዘይትና የጎማ ሽታ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ከጎረቤት የሚቆላ ቡና። ነፋሱ እንደመጣበት አንዴ የተክለ ሃይማኖት ደወል፣ አንዴ የአንዋር አዛን ይደርሰናል። በዚህ ሁሉ መሃል የኛው ድምፅ አለ፤ አንዱ መኪና ውስጥ ጥላሁን፣ ሌላው ውስጥ አስቴር፣ ሦስተኛው ውስጥ ገና ያልተገራ ስፒከር ይንጫረራል። ቴፕ ነበር ሥራችን። ማውጣት፣ መግጠም፣ ማሰር፣ መፍታት።

አለቃዬን ጋሼ እለው ነበር፤ አንቱታ አይወድምና ጋሼ እያልኩ አንተ እለዋለሁ። ሙያውን የጀመረው በቮልስ፣ በፊያትና በፔጆ ዘመን ነው፤ የላዳውንም ዘመን አሳልፎታል። ከነዚያ መኪኖች በብዙዎቹ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነበር፤ ሌላኛው እግሩ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል፣ ብረቱ ራሱ ማሳ፣ ማለትም ኔጋቲቭ ነውና። በኋላ የመጡት ቴፖች ግን ይሄን አይታገሡም። እያንዳንዱ ስፒከር ሁለት የራሱ ሽቦ ይፈልጋል፤ ኔጋቲቩ ብረት ከነካ የቴፑ አይሲ ሊቃጠል ይችላል። ጋሼ በግማሽ ዕድሜው የለመደውን እጁን አስረስቶ አዲሱን ተማረ። እንደኔ ያለ ልጅ ፊት ለመጠየቅ፣ የቴፕ ካርቶን ላይ ያለውን ሥዕል በመነጽር ለማጥናት አያፍርም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከሙያውም በላይ ያስተማረኝ ይሄንን ይመስለኛል።

ጊዜው ከሚሌኒየሙ ማግስት ነው። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ ኤፍ ኤም 97.1 እና ፋና 98.1ም እየተደመጡ፣ ከተማው በሬዲዮ ፍቅር የወደቀበት ወቅት ነበር። የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ሲጀምር ሹፌሩም ተሳፋሪውም ጆሮውን ይሰጣል፤ ሰው ቤቱ ደርሶ እንኳ ጨዋታው እስኪያልቅ ከመኪናው አይወርድም። በዚያው ሰሞን ቶዮታ ቪትዝ ጎረፈ። ብዙዎቹ ጃፓን ተነድተው፣ ዱባይ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጡ ናቸው። ባለቤቱ እንደ አዲስ ሙሽራ ያጥባታል፣ ያጥናታል፤ ከዚያ ሬዲዮዋን ይከፍትና ሹሹታ ብቻ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ሬዲዮዋ ተበላሽቷል» ብሎ ይመጣል።

«አልተበላሸም» ይላል ጋሼ፤ «አገሩ ሌላ ስለሆነ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጃፓን ኤፍ ኤም በዚያ ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለውን የአየር ሞገድ የአገራቸው ቴሌቪዥን ይዞት ኖሯል። የኛ ጣቢያዎች ደግሞ እንደ አብዛኛው ዓለም እስከ 108 ይዘልቃሉ። ስለዚህ ያቺ ቪትዝ ሬዲዮ አላት፣ ስፒከር አላት፣ አንቴና አላት፤ የአዲስ አበባን ድምፅ ግን መስማት አትችልም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ይሄ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። ጆሮ እያለው የሚኖርበትን አገር የማይሰማ ነገር ሆድ ያባባል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ርካሹ፣ ከአንቴናው ገመድና ከሬዲዮው መሃል የምትሰካ ትንሽ ሳጥን ናት። እኛ ጋ የነበረችው ከጣቢያው ቁጥር ላይ 20 ትቀንስና ለሬዲዮው ታቀብለዋለች። ሸገር 82.1 ላይ ይገኛል፣ 97.1 ደግሞ 77.1 ላይ። ባለ ቪትዞቹ ይሄን ቅናሽ በቃላቸው ይዘውት ነበር። ዛሚ 90.7 ግን መከራውን ያያል፤ 20 ሲቀነስለት ከ76 በታች ይወርዳል፣ ሳይቀነስለት ደግሞ ከ90 በላይ ይቀራል። ከዚህም ከዚያም ሳይሆን መሃል ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁሉን መስማት የፈለገ፣ ፍላሽም መሰካት ያማረው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ የፋብሪካው ቴፕ ወጥቶ አዲስ ይገባል። ጋሼ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነግራቸው ርካሹን ነው። ትርፉ አዲሱ ቴፕ ላይ መሆኑን እያወቅሁ፣ «ለምን?» ስለው፣ «ተመልሶ የሚመጣልኝን ሰው ነው የምፈልገው» ይለኝ ነበር።

አንድ ሕግ ነበረው፤ የፋብሪካ ሽቦ አይቆረጥም። የፋብሪካው ቴፕ ሲወጣ ከጀርባው ሁለት ነጭ ሶኬቶች ይነቀላሉ። አዲሱ ቴፕ ደግሞ የራሱ የሽቦ ጅራት አለው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። እንዳይቆረጥ መሃል ላይ አገናኝ ሶኬት ይገዛል፤ አንዱ ወገኑ ከመኪናው ጋር ይሰካል፣ ሌላው ወገኑ ከአዲሱ ጅራት ጋር በካውያ ይበየዳል። ብየዳው ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፤ መኪናው ውስጥ መሰካት ብቻ ነው የሚቀረው። ሶኬቱ ከጠፋ ግን ሥራው በሽቦ ቀለም ይሆናል፤ እዚያ ላይ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቶዮታ ላይ ጥቁሩ ሽቦ ማሳ አይደለም። ማሳው ቡኒው ነው፤ ጥቁሩ የኋላ ግራው ስፒከር ፖዘቲቭ ነው። ጥቁርን አይቶ ከጥቁር ያሰረ ሰው ማሳ ያገኘ እየመሰለው ስፒከር አስሯል። ጋሼ ይሄን ሲያስተምረኝ ቀለሙን አላስሸመደደኝም። ቴስተሩን እጄ ላይ አስቀመጠና «ቀለም ሐሜት ነው፤ አንተ ራስህ ጠይቀው» አለኝ። ቁልፍ ሳይዞር 12 ቮልት ያለው ላይ የቴፑን ሰዓትና ጣቢያ የሚጠብቀው ቢጫው ይታሰራል። ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚነቃው የቀዩ ነው። ሁለቱ ከተለዋወጡ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ጣቢያውን ሁሉ ይረሳል።

አንድ ቀን ከአሜሪካ ጠቅልለው የገቡ አባት መኪናቸውን ይዘው መጡ። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ንግግራቸው የድሮው የአዲስ አበባ። መኪናው ከፋብሪካው የራሱ አምፕሊፋየርና የጄቢኤል ስፒከሮች የተገጠሙለት ቶዮታ ነው። ሌላ ቦታ ወስደውት አዲስ ቴፕ ገብቶለታል። መብራቱ ይበራል፣ ቁጥሩ ይሮጣል፣ ፍላሹንም ያነባል፤ ድምፅ ግን የለም። ስፒከሮቹ ሁሉ ስለተቃጠሉ ይለወጡ ተብለዋል።

«ልጄ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይሞታሉ እንዴ?» አሉት ጋሼን።

«አይሞቱም አባቴ። እስቲ አረፍ ይበሉ፣ ቡና ይጠጡ።»

ቴፑን ስበን ስናወጣ የፋብሪካው ሶኬት የለም፤ ተቆርጦ ተጥሏል። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተጠማዝዘው ናስትሮ ተጠምጥሞባቸዋል፤ በፀሐይ ሙቀት የናስትሮው ሙጫ ላልቶ ጣት ላይ ይለጠፋል። ጋሼ ዝም አለ። ሲናደድ ዝም ነበር የሚለው።

ከዚያ ከመሳቢያው አንድ የባትሪ ድንጋይ አወጣ። 1.5 ቮልት ያላት ተራ ድንጋይ ናት። ሁለቱን የስፒከር ሽቦዎች ብልጭ አድርገህ ስታስነካት፣ ደህና ስፒከር «ቷ» ይላል። ያን ቀን ጥንድ በጥንድ እያስነካ ሲሄድ እኔ በየበሩ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። አንድም «ቷ» የለም። እኔ በሆዴ በቃ ሞተዋል ብያለሁ። እሱ ግን ፊቱ ፈካ አለ።

«መሃል ላይ ሰው አለ» አለኝ።

መሃል ላይ ያለው አምፕሊፋየሩ ነበር። እንዲህ ባለ መኪና ቴፑ በቀጥታ ከስፒከር ጋር አይነጋገርም፤ ትንሽ ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ ይሰጠዋል፣ እሱ አጎልብቶ ለስፒከሮቹ ያድላል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ተነሥ የሚለው 12 ቮልት ካልደረሰው አይነሳም። አዲሱ ቴፕ ለዚሁ ሥራ የተመደበች ሽቦ አለችው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያላት። እሷን ማንም አላሰራትም፤ ጫፏ እንደተላጠች ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተንጠልጥላ አገኘናት።

ከአምፕሊፋየሩ ጀምረን ሽቦ በሽቦ በቴስተር እየተከተልን ወደ ዳሽቦርዱ መጣን። እኔ ከዚያ ጫፍ እጮኻለሁ፣ እሱ ከዚህ ጫፍ ወረቀት ላይ ይጽፋል። የስፒከር ኃይል ተሸክሞ ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲገባ የታሰረውን ሁሉ ፈታን፤ ያ ድምፅ ለእሱ ይበዛበታል። በምትኩ ቴፑ ጀርባ ካሉት የአርሲኤ ቀዳዳዎች ትንሹን ድምፅ አወጣንለት። እያንዳንዷን መጋጠሚያ በካውያ በየድን፣ በላስቲክ ቱቦ ሸፈንን፣ በመጨረሻም ሰማያዊዋን አሰርናት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚሉት ተረት ለኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽቦ ተረት ነው።

ቁልፉን ያዞሩት አባት ራሳቸው ናቸው። ዘፈን ነበር የጠበቅሁት። የሴት ድምፅ መጣ፤ የአሮጌ ካሴት ሹሹታ ያለበት የእናት ድምፅ። ከኋላው ዶሮ ይጮኻል፣ ሙቀጫ ይወቀጣል። እንዴት ከርመሃል ልጄ ብላ ጀመረች፤ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ዝናቡ እንዴት እንደዘገየ፣ ማን እንደታመመ ታወራለች። በደርግ ዘመን ልጆቻቸው የተሰደዱባቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ እናቶች ደብዳቤያቸው ካሴት ነበር፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሲገኝ በሻንጣው ይዞላቸው ይሄዳል። እኚህ አባት ያንን ሁሉ ዓመት ካሴቶቹን አስቀምጠው፣ እንዳይበጠሱ ፈርተው ማጫወት ትተው ኖሩ። በኋላ ልጃቸው ፍላሽ ላይ ገልብጣላቸው፣ መንገድ ለመንገድ እናታቸውን እየሰሙ ሊነዱ ነው አዲስ ቴፕ ያስገቡት።

ትንሽ ሰሙና ወደ ጋሼ ዞሩ። «ከኋላዬ ነው የምታወራኝ ልጄ። ከፊቴ አድርግልኝ።»

ጋሼ አንድም ቃል ሳይናገር ፌደሩን ወደፊት አመጣው። የኋላ ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ፤ እናትየዋ ከፊት ለፊት ከመስታወቱ ሥር ትናገር ጀመር። አንጀቴን በላኝ። ለአዳዲስ ስፒከር ይዘውት የመጡትን ገንዘብ ሲዘረጉለት የእጁን ዋጋ ብቻ ነጥሎ ወሰደ፤ የቀረውን ወደ ኪሳቸው መለሰላቸው። ሰውየው መርቀውት ሄዱ፤ ጋሼም የሚቀጥለውን መኪና ኮፈን ከፈተ።

ዓመታት ሄዱ። የጋሼ ዓይን ደከመና ካውያውን ለኔ ትቶ ቤቱ ዋለ። መኪናውም ተለወጠ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደጄ የሚቆመው የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ሬዲዮው፣ የኋላ ካሜራው፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ አንድ ትልቅ ስክሪን ውስጥ ተቋጥሯል፤ ነቅለህ ሌላ ልትተካበት አትችልም። ልጆቹ ረዳቶቼ ሽቦ ከመበየድ ይልቅ በኮምፒውተር ስህተት ማንበብ ያውቃሉ፤ እነሱም እኔን ያስተምሩኛል፣ እኔም እንደ ጋሼ መነጽሬን አድርጌ እማራለሁ። ቪትዞቹ ግን ዛሬም ይመጣሉ። አንዳንዷን ስከፍት ጀርባዋ ውስጥ የተቆረጠ ሶኬትና የቀለጠ ናስትሮ አገኛለሁ፤ ያን ቀን ጋሼ ያላለውን ሁሉ ልናገር ያምረኛል። አንዳንዷን ስከፍት ደግሞ ሽቦዋ ተሸፍኖ፣ ተጠቅልሎ፣ የፋብሪካው ሶኬት እንዳለ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ግን አከብረዋለሁ። ሊከፍተው ለሚመጣ፣ በዓይኑ ላላየው ሰው አስቦ ነው የሠራው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ለመኪናህ ቴፕ ስታስገጥም ሁለት ነገር ልለምንህ። የወጣውን የፋብሪካ ቴፕ ከነብሎኑና ከነሶኬቱ ተቀብለህ ቤትህ አስቀምጠው፤ ነገ አንተ ወይም መኪናዋን የሚገዛህ ሰው ይፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ባለሙያው አገናኝ ሶኬት ልግዛ፣ ካውያ ላግል ካለህ ገንዘቡን አትከልክለው፣ ጊዜውንም አታጣድፈው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ቆርጦ ጠምጥሞ ቶሎ ከሚሸኝህ፣ በየዶ ሸፍኖ የሚያቆይህን ምረጥ።