የማዲሰን ሄሚንግስ አባት

መቼም እኛ ሐበሾች ትውልድ ቆጠራ ላይ ማን ይችለናል እንላለን። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን (በእናት በኩል ቁጠሩ ስንባል ግን ብዙዎቻችን ሦስተኛው ላይ ማሳል እንጀምራለን)። ምንጫችን ደግሞ ወረቀት ሳይሆን የአያት አፍ ነው። እውነት ይሆን ወይ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ጥያቄውን ያመጣብን የቶማስ ጀፈርሰን ቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሻይ ላይ ከተነሳ ወዲህ ሳንጨቃጨቅበት የዋልንበት ቀን የለም።

ጀፈርሰን የተወለደው በ1743 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ቨርጂኒያ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ነው። ኋላ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሳሊ ሄሚንግስ ባሪያው ነበረች። ይባስ ብሎ የሟች ሚስቱ እህት ናት፣ በአባት! በ1662 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ስለሚል ከሳሊ የሚወለድ ሁሉ ባሪያ ነው። አባቱ ማነው ብሎ የሚመዘግብለት የለም።

ልጇ ማዲሰን በ1873 ለአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ አባቱ ጀፈርሰን መሆኑን በግልጽ ተናገረ። የጀፈርሰን ነጭ የልጅ ልጆች ደግሞ የለም፣ አባትየው ከካር ወንድማማቾች አንዱ ነው አሉ፤ ካሮቹ የጀፈርሰን የእህቱ ልጆች ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ከመቶ ዓመት በላይ የትኛውን ወገን እንዳመኑ እናንተው ገምቱ።

በ1998 ነገሩ ላቦራቶሪ ገባ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚሄድ እንደ አባት ስም ተከታትሎ ይቆጠራል። ጀፈርሰን ከሚስቱ ያደገለት ወንድ ልጅ ስላልነበረ ደሙ የተወሰደው ከአጎቱ ከፊልድ ዘሮች ነው። ከማዲሰን ታናሽ ወንድም ከኤስተን ዘር ጋር ገጠመ። ከካሮቹ ጋር አልገጠመም። እርግጥ ምርመራው ከጀፈርሰኖች አንዱ ነው ይላል እንጂ ቶማስ ነው አይልም፤ ሆኖም ሳሊ ባረገዘችባቸው ጊዜያት ሁሉ ሰውየው ቤቱ እንደነበረ መዝገቡ ያሳያል። ሞንቲቼሎ የሚባለውን ቤቱን የሚያስተዳድረው ተቋም በ2000 የማዲሰንን ቃል ተቀበለ።

እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። ኤስተን ዊስኮንሲን ሄዶ ስሙን ጀፈርሰን አድርጎ እንደ ነጭ ኖረ፤ ማስረጃው የተገኘው ጥቁርነቱን ከደበቀው ወገን ደም ነው። ትውልድ በትውልድ የቶማስ ዉድሰን ልጆች ነን፣ እሱም የጀፈርሰን ልጅ ነው ሲሉ የኖሩት ጥቁር ቤተሰቦች ደግሞ ሲመረመሩ አልገጠሙም። የእነሱም አያት ያው በአፏ ነበር የነገረቻቸው። ይኼ ነው ያስጨነቀን።

የማዲሰንስ? ልጁ ዊሊያም ካንሳስ ውስጥ ተቀብሯል። ይቆፈርና ይመርመር ሲባሉ ቤተሰቦቹ አይሆንም አሉ። እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለናል፤ ግማሾቻችን ደግ አደረጉ እንላለን፣ ግማሾቻችን እኛ ብንሆን ዶማውን ራሳችን እናመጣ ነበር እንላለን።