ከሥልጣን ሲወርዱ የሚጠየቅ ጥያቄ



በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ይህ አባባል ሰሞኑን በልቤ ሲመላለስ የከረመው አጋሮ አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን በተነሣ ጉዳይ ነው። ሳምንቱን ልጆች ሲያስተምር ሰንብቶ ቅዳሜ ቡናውን የሚኮተኩት አንድ ሽማግሌያችን፣ ለክልሉ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያ እንዲወዳደር ተጠየቀ።

ምእመኑ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ፖለቲካ የዓለም ነው፤ ወንድማችንን እናጣዋለን» አለ። ገሚሱ ደግሞ ደስ አለው። በ2010 ዓ.ም. የበሻሻ ልጅ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነበት አካባቢ ሹመት ሩቅ ነገር አይደለም፤ «የቤተ ክርስቲያናችን ቦታ አሁን ካርታ ያገኛል» ያሉም ነበሩ። ወንድማችን ራሱ ቤቴ መጥቶ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

ትዝ ያሉኝ ክቡር አቶ አማኑኤል አብርሃም ናቸው። በ1905 ዓ.ም. በወለጋ ቦጂ አካባቢ የተወለዱ የገጠር ልጅ ነበሩ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው በአሰበ ተፈሪ አስተማሩ። በጣልያን ወረራ ዋዜማ ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጋር ለንደን ሄደው በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን በጸሐፊነት ሠሩ። በኋላም አምባሳደር፣ ከዚያም የፖስታ፣ የመገናኛና የማዕድን ሚኒስትር ሆኑ። ከ1955 እስከ 1977 ዓ.ም. ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምናወራው ስለ መውጣቱ ነው፤ ከቦጂ ተነሥቶ እስከ ለንደን። እኔን የሚይዘኝ መውረዱ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት፣ ተረሸኑ፤ እርሳቸው ግን በሕይወት ተፈቱ። የሚኒስትርነቱ ወንበር ቀረ፣ አገልግሎቱ ቀጠለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው በተገደሉበት ክፉ ዘመን እንኳ ከቦታቸው አልጠፉም።

ደግሞ እውነቱን እንናገር። እርሳቸው በካቢኔው ውስጥ እያሉ ነው የወሎ ሕዝብ በረሃብ ያለቀው። አማኝ ሚኒስትር መኖሩ ብቻ መንግሥትን ጻድቅ አያደርገውም። «የእኛ ሰው ገባ» ብለን የምንጨፍር ይህን አንርሳ።

ሳሙኤል ከመሪነት ሲሰናበት ያደረገውን ተመልከቱ (1ኛ ሳሙ. 12፥1-5)። ሕዝቡን ሰብስቦ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ማንን አስጨነቅሁ፣ ከማንስ እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ጠየቀ። ሕዝቡም አንዳች እንዳልወሰደ መሰከረለት። ያ ተረታችንን የሚገለብጥ ነው፤ ሲሻር ያልበላው ሰው አልቆጨውም። የቡና ገበሬም ይህን ፈጥኖ ይረዳል። እሸት ቡናውን ሊሸጥ ሲያቀርብ ዓይኑ ከሚዛኑ አይነቀልም፤ ሚዛኑ የጓደኛው ቢሆን እንኳ ያያል።

ለወንድሜ ሁለት ነገር አልኩት። አንደኛ፣ ቡናህን አትሽጥ፣ ማስተማሩንም ከልብህ አታውጣ። ከወንበሩ ሌላ እንጀራ የሌለው ሰው እንዲፈርም የተሰጠውን ሁሉ ይፈርማል፤ የሚመለስበት ማሳ ያለው ግን «ይህን አልፈርምም» ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ በመኸር፣ ቡና ሲለቀም፣ ወደ መንደርህ ተመለስና በጎረቤቶችህ ፊት የሳሙኤልን ጥያቄ ጠይቅ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመልስልህ፤ የሁሉም እንደራሴ ነህና።

ለጉባኤያችንም አንድ ነገር አልኩ፦ ካርታውን ከእርሱ አንጠብቅ። እኛ ራሳችን ያለ ተራችን እንዲያስቀድመን ከለመንነው፣ የሳሙኤልን ጥያቄ ሲጠይቀን በምን አፋችን እንመሰክርለታለን? አንዳንዶች ቅር አላቸው። አንዲት እናታችን ግን «እንግዲያው ጸሎታችን ይለወጥ» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንዲሾም ሳይሆን እጁ ንጹሕ ሆኖ እንዲመለስ እየጸለይን ነው።

እርሱ ገና አልወሰነም። እናንተም በጸሎት አስቡት። በእናንተ ዘንድም ወንበር ላይ የተቀመጠ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ በዚህ ሳምንት ጉዳይ ሳትይዙ ሄዳችሁ ጠይቁአቸው።

ጌታ ይባርካችሁ።