ዘውዱ ዙሪክ፣ ቀለበቱ ጎጀብ

ሙዚየምና የባሕር ጠረፍ ይስማማሉ። የወደብ ከተማ ሁሉ አንድ አሮጌ ምሽግ፣ አንድ ዝገት የበላው መድፍ፣ ከሰጠመ መርከብ የወጣ አንድ ጋን አያጣም፤ ጎብኚውም ቅርሱ ሲሰለቸው ወጣ ብሎ ዓሣውን ይበላል። እኛ አገር ሰሞኑን ከሁለት ሰው አንዱ ስለ ባሕር በር በሚያወራበት ጊዜ፣ አንድ ወግ ጸሐፊ ጠረፍ ፍለጋ ቢወጣ የሚፈርድበት የለም። እኔም ወጣሁ፤ ቦንጋ ደረስኩ።

ቦንጋ ባሕር የላትም። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ጎጀብን ተሻግረው፣ ዳገቱን ሲጨርሱ ከደን መሀል ብቅ የምትል ከተማ ናት። ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ስለሆነች ስብሰባ አይጠፋባትም። ዕቃዋን ሩቅ አገር በመስደድ ግን ስንቱን ወደብ ታስንቃለች። ቦንጋ ያለችባት ካፋ ቡናዋን ሰድዳለች፣ ዝባዷን ሰድዳለች፣ የዝሆን ጥርሷን ሰድዳለች፤ በመጨረሻም ዘውዷን። የቦንጋ ገበያ ሰውም ሸጧል። ይህን የሚናገር ጽሑፍ ከከተማዋ ሙዚየም መስታወት ግርጌ በደቃቃ ፊደልም ቢሆን መለጠፉ አይቀርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ደቃቃ ፊደል የሚያነብ መነጽር ይዣለሁ።

ዘውዱን ካነሣሁ አይቀር የእሱን ጉዳይ ልጨርስ።

በካፋ ንጉሥ ይሞታል፤ ዘውዱ አይሞትም። ዘውዱን የያዘው ዘንድ አገሪቱ አለች ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፣ ወራት ከፈጀ ፍለጋ በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ላይ በአፄ ምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እጅ ሲወድቁ፣ ምርኮኛው ብቻቸውን አልበቁም። ዘውዱም መገኘት ነበረበት፤ ተገኘም።

አፄ ምኒልክ የሚፈሩት ነገር ጥቂት ነበር። ባቡር አላስፈራቸውም፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉት ስልክ አላስፈራቸውም፤ ጣልያን እንዳላስፈራቸው የሚጠራጠር ካለ ዓድዋ ሄዶ ይጠይቅ። የካፋ ዘውድ ግን ሳያሳስባቸው አልቀረም። ዘውዱ አገር ውስጥ ካለ ካፋ መልሳ ትነሣለች የሚል ትንቢት ነበር ይባላል። ታዲያ ምን አደረጉ? ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ኢልግም ወደ ዙሪክ ይዞት ሄደ። የባቡር መንገድ ሥራውን ያማከረ፣ ቁጥርና ሚዛን የሚያምን ሰው ትንቢት ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ ማለት ነው። ከመቅደላ የወጣው በዝሆን ጀርባ ወጣ እያልን ስናለቅስ፣ በአደራ የወጣ እንዳለም አንርሳ።

ዘውዱ ዙሪክ ላይ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ማሰብ ያዝናናኛል። ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር? ሳሎን ላይ ተቀምጦ እንግዳ ሁሉ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ይል ነበር? ዝናብ በበዛበት እሑድ፣ ጨዋታ የጠፋባቸው የቤቱ ልጆች አንዱ አንዱን አስቀምጦ ራሱ ላይ ደፍቶለት ይሆን? ሆኖ ከሆነ፣ ከጋኪ ሸሮቾ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ካፋን የገዛ አንድ የስዊስ ሕፃን አለ፤ የነገሥታቱ ዝርዝር በድጋሚ ሲታተም ይታሰብበት።

በኅዳር 1947 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የኢልግ ወራሾች ዘውዱን መለሱ። የመለሱት ለካፋ አይደለም፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። ከዚያ ሲል ሲል ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገባ። ሙዚየሙ ያለው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የጃንሆይ መኝታ ቤትም እዚያው ለጎብኚ ክፍት ነው። ወሳጅና ተወሳጅ በአንድ ቲኬት ይታያሉ፤ ጥበቃው ማታ ሲዞር ለሁለቱም መብራት የሚያጠፋው በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ትንቢቱስ? ካፋ አልተነሣችም። ነገር ግን ዘውዱ አገር በገባ በ20 ዓመቱ የወደቀው የተቀበለው ዙፋን ነው። ትንቢት ሁልጊዜ ይደርሳል፤ አድራሻ መሳት ግን ያበዛል።

ሌላው ሻንጣ ወደ ቪየና ነው የሄደው። ፍሪድሪሽ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 ካፋ ገብቶ፣ ንጉሥ አልባ የሆነውን አገር ሽማግሌዎች እየጠየቀ ጻፈ። ሁለት ዳጎስ ያሉ ቅጾች አሳተመ፤ የመጀመሪያው በ1920፣ ሁለተኛው በ1923። የሰበሰባቸው ዕቃዎች ቪየና ባለ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ቪየና ደግሞ ቡና ቤቶቿን በጣም የምትወድ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የቡና ቤት ባህሏን በኦስትሪያ የማይዳሰስ ቅርስነት አስመዝግባለች። ቡናው ከዚህ፣ ዕቃው ከዚህ፣ መዝገቡ ከዚያ። የቦንጋ ሰው አያቱ ምን ይለብሱ እንደነበር ለማወቅ ጀርመንኛ መማር አለበት። ቢበርን ማመስገንም መውቀስም አቅቶኝ ብዙ ቆየሁ፤ አሁንም እንዳቃተኝ ነው። ባይጽፈው ይጠፋ ነበር ይሉኛል። እውነት ነው። ቢጽፈውም እኛ ዘንድ የለም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠሩት ምርኮኛው ንጉሥ ይመስሉኛል። በሰንሰለት ታስረው ጎጀብን ሲሻገሩ የነገሥታቱን ቀለበት ከጣታቸው አውልቀው ወንዙ ውስጥ ወረወሩት ይባላል። ያዘኑ መስሎን ስናዝንላቸው ኖርን። ካርታ አውጥታችሁ እዩ፤ ጎጀብ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞ ቱርካና ይገባል፣ ቱርካና ግን መውጫ የለውም። ወንዙ እንደ አባይ ግንድ ይዞ የሚዞር ቢሆን ኖሮ ቀለበቱ ይሄኔ እስክንድርያ ደርሶ፣ ከዚያም አንድ ደግ ሰብሳቢ አግኝቶት፣ ለንደን በጥጥ ላይ ተቀምጦ ነበር። የባሕር በር ማጣት ጠቀመን ብሎ የሚከራከር ሰው ቢጠፋ፣ እኔ በዚህች ቀለበት እከራከራለሁ።

አሁን ወደ ሙዚየሙ። ለሚሌኒየሙ የታሰበው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ ተሠርቷል። ሕንጻው ሰፊ ነው፤ ከዕቃው ቀድሞ ነው የተወለደው። ሌላው ዓለም ዕቃ ዘርፎ ማስቀመጫ ይቸግረዋል፤ እኛ ማስቀመጫውን ሠርተን ዕቃው ይበተንብናል። አስጎብኚዬ ወጣት ልጅ ነው፤ ገና ደጃፉ ላይ፣ “ጋሼ፣ ቡና ለማየት ከሆነ ከከተማው መውጣት ይሻላል” አለኝ። ከሙዚየም በር ላይ እንዲህ ያለ ምክር ሰምቼ አላውቅም።

ወጣን። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ፣ 760 ሺህ ሄክታር ያህል የሚሸፍን ክልል ነው። በማንኪራ ማንም ያልተከለው ቡና በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቀጥኖ፣ ቀና ብሎ ብርሃን ይጠብቃል። ከሥሩ ኮረሪማ፣ ግንድ ላይ ጥምዝ፣ ከላይ ቀፎ፣ ከቀፎው በላይ ጉሬዛ። መግለጫ ጽሑፍ የለም፤ ዕቃው ራሱ ይወድቅብሃል፣ ይነክስሃል፣ ይሸትሃል። ይህን ስብስብ እስከ ዛሬ ያቆየው አጥርም ጥበቃም አይደለም። አንዱ፣ “ይህች ዛፍ የኔ ቀፎ ያለባት ናት” ማለቱ ነው፤ ሌላው በየዓመቱ ቡናውን መልቀሙ ነው። የተጠቀሙበት ነገር ቆየ። የተሸለሙበት፣ የተከበረው፣ በአደራ የተሰጠው ነው የጠፋው።

አስጎብኚዬን አንድ ነገር ጠየቅኩት። የድሮው መንግሥት ዙሪያውን በጉድባ የታጠረ ነበር፤ በየኬላው በር የሚጠብቁት ማንጆ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። የአገሩን በር የሚጠብቅ ሰው የጎረቤቱን ደጃፍ እንዳይረግጥ፣ አብሮ ማዕድ እንዳይቀርብ የሚከለክል ሥርዓት ግን ነበር፤ ነገሩም ከዘውዱ ጋር አብሮ ዙሪክ አልሄደም። “ሙዚየሙ ውስጥ ለማንጆ ስንት ክፍል አላችሁ?” አልኩት። ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ ስለ ዘንድሮ የቡና ዋጋ አጫወተኝ። ዋጋው ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የካልዲ ወሬ ነው፤ ቡና ባለበት ካልዲ አይቀርም። እረኛው፣ ፍየሎቹ፣ ጭፈራው፣ መነኩሴው። ታሪኩን በጽሑፍ መጀመሪያ ካወጡት አንዱ ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ፣ በላቲን። ሰውየው እረኛውን በስም አልጠራውም፤ ያኖረውም ካፋ ሳይሆን የመን ነው። ስሙ ኋላ ነው የመጣው። አሁን ደግሞ ስም ያልነበረው እረኛ ሁለት የትውልድ ቦታ አለው፤ አንዱ ካፋ፣ ሌላው ጅማ ጮጬ። ክርክሩ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው፤ ቅዝምዝሙ የሚያርፈው ግን ጎብኚው ራስ ላይ ነው። ቦንጋ ላይ ስለ ጮጬ መጠየቅ አይመከርም። ጅማ ላይ ስለ ማንኪራ መጠየቅም እንደዚያው። የአባ ጅፋር ጦር በጋኪ ሸሮቾ ላይ በተደረገው ዘመቻ መሳተፉን ያነሡልኝ ሽማግሌም አሉ፤ እና የፍየሎቹ ጉዳይ ከፍየሎቹ በፊት የጀመረ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ በዚህ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። ማስረጃም አለኝ። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰው መንገድ በጅማ በኩል ነው፤ በዳውሮ ዙሬ ልሂድ ብል ደግሞ የንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ አለ፤ እሱም የተካበው ለጎረቤት ተብሎ ነው። ጅማን ልለፍና እንጫወታለን።