ከአጥር በር እስከ ደጃፍ

አንባቢ ሆይ፥ ከባሕር ዳር በማለዳ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደውን አስፋልት ቢይዙ፥ መራዊንና ዱርቤቴን አልፈው ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳንግላ ይገባሉ። ከዚያም አዲስ ቅዳምን አቋርጠው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጨምሩ የአዊ ዋና ከተማ እንጅባራ ናት። ጉዞው ረጅም አይደለም። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ አየሩም፥ አፈሩም፥ አጥሩም ሲለወጥ በዐይንዎ ያያሉ። ዳንግላ ላይ ኮትዎን አውልቀው እንደ ሆነ እንጅባራ ላይ መልሰው ይለብሱታል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለችና።

ወደዚህ አገር የሚመጣ ተጓዥ ብዙውን ጊዜ ስለ ዘንገና ሐይቅ ይጽፋል፤ ስለ ፈረሶቹም ይጽፋል። ሁለቱም ሊጻፍላቸው የሚገባ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውትዎ ማንም ፎቶግራፍ ስለማያነሣው ቦታ ነው፤ ይኸውም ከአጥር በር እስከ ቤት ደጃፍ ስላለው መሬት።

ምናልባት እርስዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍለ ሀገር የተመደቡ ሠራተኛ ይሆናሉ፤ ወይም ነገ ከነገ ወዲያ የሚመደቡ ተማሪ ነዎት። ቤት ቢከራዩም ሆነ በማኅበር ተደራጅተው ቢሠሩ፥ ገንዘብዎ በጣሪያና በመስኮት ያልቃል። «ግቢውን ቀስ ብለን እናደርሰዋለን» ይባላል። እኔም ያልሁት ይኸንኑ ነበር።

ጊዜው ግንቦት ነው። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ በእንጅባራ ዳርቻ፥ ዘቅዘቅ ባለ ቦታ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። ባለቤቱ ግቢውን ካሠራችሁ ከኪራዩ አስብላችኋለሁ አለን። ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች ከሚቆሙበት ስፍራ ሄደን፥ ከሌሎቹ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ ያለ አንድ ግንበኛ አመጣን። ምንም አልጠየቀንም፤ እኛም ምንም አልጠየቅነውም። በአራት ቀን ቀዩን አፈር ደለደለ፥ ድንጋዩን በአፈሩ ላይ ደረደረ፥ ገንዘቡን ሙሉ ተቀብሎ ሄደ። ግቢያችን እንደ ምጣድ ለጥ አለ። ጥፋቱም ይኸው ለጥ ማለቱ ነበር።

ሐምሌ ገባ። በእንጅባራ ዙሪያ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። ይህን ቁጥር በጋዜጣ ላይ አንብበው ያለፉት እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ያስሉት። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ ግቢና ጣሪያዎ ተደምሮ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን፥ በዓመት 200,000 ሊትር ውኃ በእንግድነት ይመጣብዎታል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል አንድ ሺህ ጊዜ ሲገለበጥ ማለት ነው። አብዛኛውም የሚገለበጠው በክረምቱ ወራት ነው።

የእኛ እንግዳ በተደለደለው ግቢ ላይ ተኛ። ከድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ጭቃ ሆነ፤ ድንጋዩም እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሲረግጡት ይወዛወዝ ጀመር። በሦስተኛው ሌሊት ውኃው መውጫ ሲያጣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ከእኛ በታች ወዳለው ጎረቤት ቤት ገባ።

ጎረቤታችን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ለዘር ያስቀመጡት ድንች ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አዊ የድንች አገር መሆኑን ያውቃሉ፤ የዘር ድንች ማለት የከርሞ ጉርስ ነው። ጧት አስጠሩንና ሄድን። አልጮኹብንም። ረጥቦ የተከመረውን አሳዩንና፥ «ልጆቼ፥ ዝናቡ የእግዜር ነው፤ እኔ ቤት ያስገባው ግን የእናንተ ድንጋይ ነው» አሉን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። የተፈረደብንም ሁለት ነገር ነው፤ ዘሩን ገዝተን እንድንተካ፥ ለውኃውም መስከረም ሳይጠባ መንገድ እንድናበጅለት። ለድንቹ የወር ደመወዛችን ግማሹ ሄደ። ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ግማሽ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ይልቅስ የከበደን በየጧቱ በአጥሩ በኩል ስናልፍ «እንደምን አደሩ» ማለቱ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከአዲስ ቅዳም በኩል አንድ ሙያተኛ አለ ብለው ጠቆሙን። ይህ ሰው ሙያውን የተማረው በኮብልስቶን ሥራ ነው። በጀርመኖች የቴክኒክ ትብብር እርዳታ ድሬዳዋ ላይ የተጀመረው ይህ ሥራ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በየከተማው ሲስፋፋ፥ ብዙ ሺህ ወጣቶች ድንጋይ መጥረብንና ማንጠፍን እንደ ተማሩበት ያስታውሳሉ። በዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ድንጋይ ማንጠፍ ምንድን ነው እያሉ ሲያፌዙም ሰምተናል። ያፌዙት ሰዎች ግቢ አሠርተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሰውዬው የመጣው በዝናብ ነው። ሲያባራ ብትመጣ ይሻልሃል ብንለው እምቢ አለ። ጃንጥላውን ዘርግቶ ከግቢው መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀን። ውኃው ከየት ይመጣል? ወዴት ይሄዳል? በበሩ የሚገባውስ ምንድን ነው?

ለሦስተኛው መኪና የለንም ብለን መለስንለት። ሳቀብን። በአዊ አገር በአጥር በር የሚገባው መኪና ብቻ አይደለም። አሸዋውንና ድንጋዩን የሚያመጣው የፈረስ ጋሪ ነው፤ ባጃጅም አለ፤ ባለቤቱ ፈረስ ያለው እንደ ሆነ ፈረሱም በዚሁ ይገባል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው፥ የግቢ መንገድ በዚህ አገር ለጎማ ብቻ ሳይሆን ለኮቴም እንደሚሠራ ይገባዋል። በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል በዝናብ ጊዜ ኮቴን ያንሸራትታል፤ ሸካራ ጥርብ ድንጋይ ግን ይይዘዋል።

በነሐሴ ድንጋይ አይነጠፍም አለና ለጊዜው አንድ ቦይ ብቻ ቆፍሮልን ሄደ። ዋናውን ሥራ የጀመረው በኅዳር ነው። በመጀመሪያ የያዘው መዶሻ አልነበረም፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፥ ውኃ የሞላበት ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ነበር። አንዱን ጫፍ እኔ ይዤ ከደጃፉ ቆምሁ፤ ሌላውን እሱ ይዞ ወደ በሩ ወረደ። ውኃ በሁለቱ ጫፍ ምን ጊዜም እኩል ስለሚቆም፥ መሬቱ ስንት እንደሚዘቅጥ በዚህ ብቻ ይታወቃል። በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር እየወረደ፥ ፊቱን ከቤቱም ከጎረቤቱም መልሶ ወደ መንገዱ ቦይ እንዲያይ አድርጎ ችካል ተከለ፥ ሲባጎ ወጠረ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት የአውራ ጣትዎ ውፍረት ነው። ዐይን አያየውም፤ ውኃ ግን ያውቀዋል።

ከዚያ የላዩን ለም አፈር አስጠርጎ ለአትክልቱ ቦታ ለብቻ አስከመረ። የመጀመሪያው ሰው ይህንኑ አፈር ከድንጋይ ሥር ቀብሮት ነበር። ገረጋንቲ በሁለት ንብብር አስደፍቶ እያንዳንዱን አስጠቀጠቀ። ቀጥሎ የጠርዙን ድንጋይ ተከለ፤ ጠርዙ ካልጠበቀ የመሐሉ ይበተናልና። በዚያ ላይ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር አሸዋ አለበሰ። ድንጋዩ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። የፊተኛው ግንበኛችን ሥራውን የጀመረው ከመጨረሻው ነበር ማለት ነው።

ድንጋይ በእንጅባራ አይቸግርም። ምድሩ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ዘንገናም ራሱ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የቸገረን ማጓጓዙ ነበር፤ እሱንም ጎረቤቶች በደቦ አወጡልን። ደቦን የማደንቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን ምክሬን ይስሙ፤ ደቦው ድንጋይ ይሸከም፥ አፈር ይዛቅ፥ ችካሉን የሚተክለው ግን አንድ ሰው ይሁን። ሃያ ሰው ጠላ እየጠጣ ስለ ውኃ መውረጃ ቢማከር ሃያ መውረጃ ይወጣዋል።

አጥሩ የሌላ ሰው ሙያ ነው። በአዊ ደጋ በየግቢው ቀርከሃ ሲያዩ ለጌጥ እንዳይመስልዎ፤ አጥሩም፥ ቅርጫቱም፥ ወንበሩም ከእሱ ነው። የደጋው ቀርከሃ እንደ ቆላው ሽመል ድፍን አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ተሰንጥቆ እንደ ሰሌን ይጠለፋል። አጥር ሠሪያችን ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቀርከሃ ገዝተን ብናቆያቸው አንድ በአንድ እያዩ ሲሶውን ያህል ወደ ጎን ጣሉት። «ይኸ ልጅ ነው» አሉ። ሦስት ዓመት ያልሞላውን ነቀዝ ይበላዋል፤ በክረምት የተቆረጠውም በበጋ እንደ ተቆረጠው አይቆይም። ሻጩ ዕድሜውን አይነግርዎትም፤ እርስዎ ግን ከመልኩ ሊያውቁት ይችላሉ። ለጋው ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ የልጅነት ሽፋኑ ከአንጓው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የበሰለው ደብዘዝ ብሎ ሽበት ያወጣ ይመስላል። እኒህ ሰው ቀርከሃውን አፈር ውስጥ አልቀበሩትም፤ ከሥሩ አንድ ረድፍ ድንጋይ አስደርድረው በዚያ ላይ አቆሙት፤ ከአፈር የነካ ቀርከሃ ቶሎ ይበሰብሳልና።

ለአትክልቱ ሰው መቅጠር በዚህ አገር ብዙ ሰው አያስብም። ምድሩ ሁሉ ለምለም ሆኖ ሲታይ አትክልተኛ ምን ያደርጋል ይባላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ዝናብ አፈሩን ለብዙ ዘመን ስላጠበው የአዊ ደጋ አፈር አሲድ ይበዛበታል፤ ገበሬውም ኖራ የሚጨምርበት ለዚህ ነው። እኛም የግብርና ባለሙያ ጠይቀን ኖራ ጨመርንበትና ጎመኑ ቀና አለ። ባሕር ዛፍ ከቤት አጠገብ አልተከልንም። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን ዲከረንስንም አልነካነውም፤ እሱ የእርሻ ዛፍ ነው እንጂ የደጃፍ አይደለም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዝገት የሚመስል በሽታ ብዙውን ጎድቶታል። ከላይኛው ማዕዘን ላይ አንድ ኮሶ ተከልን። የእንጅባራ ሌላው ስሟ ኮሶበር አይደለምን? ኮሶም በርም በስሟ አለ፤ ግቢያችንም ሁለቱን ይዟል።

ዳንግላ ላይ ቤት የሚይዙ እንደ ሆነ ነገሩ ይለያል። ወደ 400 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ዝናቧም ያንሳል። መሬቷ ሜዳማ ስለ ሆነ እዚያ የሚያስቸግርዎ የውኃው መሮጥ ሳይሆን መቆሙ ነው፤ ስለዚህ ወለሉን ከፍ የሚያደርግ፥ ቦዩንም ረዘም አድርጎ የሚቆፍር ሰው ይፈልጉ። ዳንግላ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንሲል የሆነው ሮበርት ቺዝማን የተቀመጠባት ከተማ ናት። ይህ ሰው የጣናን ዙሪያና የዐባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየዞረ በካርታ አስፍሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመበት። ውኃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ያን ያህል ዓመት የደከመ ሰው ባለበት ከተማ፥ እርስዎ ለግቢዎ ግማሽ ሰዓት ጃንጥላ ዘርግተው ቢቆሙ አይበዛብዎትም።

አሁን ስለ ውል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ፥ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሥራ የሠራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ መልካም ነው። ያን ግንበኛ ግን እኛ በሁለት ወር ውስጥ ፈልገን አላገኘነውም። ስለዚህ ሥራው ትንሽ ነው ሳይሉ ግማሽ ገጽ ይጻፉ፤ ስፋቱን፥ የንብብሩን ውፍረት፥ የውኃውን መውጫ፥ ዋጋውን ያስፍሩ፤ ምስክር ያስፈርሙ። ሙያተኛው ባለፈው ሳምንት የጨረሰውን ግቢ ሊያሳይዎት ቢል፥ ሁለት ክረምት ያለፈበትን አሳየኝ ይበሉት። ክፍያውን የእኛው ሰው ራሱ ነው በሦስት የከፈለው። ሲሶውን ድንጋዩ ሲራገፍ፥ ሲሶውን ሥራው ሲያልቅ ወሰደ። «የቀረውን ሐምሌ ካየው በኋላ ትሰጡኛላችሁ» አለን። ሰባት ወር ሙሉ ገንዘቡን በእኛ ዘንድ ጥሎ ሄደ።

ሐምሌም መጣ። አንድ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ውኃው ከደጃፉ ተነሥቶ በድንጋዩ ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ወደ በሩ ይወርዳል፤ ከበሩም ቦዩን ይይዛል። በአጥሩ ማዶ ጭል ጭል የምትል መብራት አየሁ። ጎረቤታችንም ወጥተው ቆመዋል።

«ገባ ወይ፥ እማማ?» አልኋቸው።

«አልገባም» አሉኝ።

በማግሥቱ የሙያተኛውን ሲሶ ላክንለት። እማማ ግን የዘር ድንቻቸውን በዚያም ዓመት ከቆጡ ላይ አላወረዱትም።