የካርድ ክፍል ሥራና የታሪክ ትምህርት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ዘወትር የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ወደ ፊት ምን ልትሆን አስበሃል?» የሚለው ነው። እኔ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለ ሆንሁ ዘመዶቼ ከእኔ ቀድመው «ሐኪም» ብለው ይመልሳሉ። የጤና መረጃ ሙያ ተምሬ በሐኪም ቤት የካርድና የመዝገብ ሥራ ለመሥራት እንደማስብ በነገርኋቸው ጊዜ ግን አባቴ፥ «ልጄ፥ ካርድ ለመጻፍ ይህን ያህል መማር ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ መጽሔት ለእርሳቸውም ለጓደኞቼም ለማቅረብ ወደድሁ።

በመጀመሪያ የሥራውን ዓይነት ላስረዳ። በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ ከሐኪሙ በፊት የሚያገኘው የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ ነው። በዚያም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ፥ ዕድሜውና የመጣበት ቀበሌ ይጻፋል፤ ካርዱም በቁጥሩ ተራ በመደርደሪያው ይቀመጣል። ካርዱ ከቦታው ሲነሣ ወዴት እንደ ሄደ የሚያመለክት ምልክት ይተካበታል። ዛሬ ይህ ሥራ በብዙ ስፍራ ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተርም ቢሆን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

በአሜሪካ አገር ደግሞ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል የሐኪሙን ትእዛዝ ወደ ላቦራቶሪና ወደ መድኃኒት ቤት የሚያስተላልፍ፥ የሚገባውንና የሚወጣውን በሽተኛ የሚመዘግብ «የክፍል አስተባባሪ» የሚባል ሠራተኛ አለ። ሙያውን ኮምዩኒቲ ኮሌጅ በሚባሉ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩታል። በእነዚያ ኮሌጆች የሁለት ዓመት ዲግሪ የሚፈልግ ተማሪ ከሙያው ሌላ እንደ ታሪክ፥ ሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና ካሉት ትምህርቶች ጥቂት መውሰድ አለበት። በእኛም አገር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሳይቀር ሎጂክ፥ ሥነ ልቡናና አንትሮፖሎጂ እንዲማር ተደርጓል። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን «ጊዜ ማባከን» ይሉታል።

እኔ ጥቅሙን የተረዳሁት አያቴን ይዤ ወደ አንድ ጤና ተቋም በሄድሁ ጊዜ ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ዕድሜያቸውን ስትጠይቅ፥ «እኔ እንጃ ልጄ፤ ሃምሳ በይው» አሉ። ልጅቱ ሃምሳ ብላ አልጻፈችም። ፈገግ ብላ፥ «እማማ፥ በ66ቱ ድርቅ ጊዜ አንቱ አግብተው ነበር?» አለች። «ማግባት ብቻ! የበኩር ልጄን አዝዬ ነበር እንጂ።» «በስንት ዓመትዎ ዳሩዎት?» «በአሥራ አምስቴ።» «የበኩሩስ መቼ ተወለደ?» «በተዳርሁ በሁለተኛው ዓመት።» ልጅቱም ጥቂት አስባ የልደት ዘመናቸውን ወደ 1948 ዓ.ም. ገደማ ብላ ጻፈች። ለብዙ መድኃኒት መጠኑ በዕድሜ የሚለያይ ስለ ሆነ፥ በሃምሳና በሰባ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ያንን ልዩነት ያገኘችው በታሪክ ዕውቀት ነው።

የወሎ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን የሚቈጥሩት በቀን መቍጠሪያ ሳይሆን በዘመኑ ነገር ነው። አንዱ ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ተወለድሁ ይላል፤ ይህ 1928 ዓ.ም. ነው። ሌላው የመሬት አዋጅ ሲታወጅ እረኛ ነበርሁ ይላል፤ 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሌላይቱ ደግሞ በ77ቱ ድርቅ ጡት የምትጠባ ነበረች። ታሪክን የማያውቅ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ዕድሜዋን አታውቅም» ብሎ ያልፋል።

የስሙም ነገር እንደዚሁ ነው። በእኛ አገር መሐመድ አሊና ሰይድ አሕመድ የሚባለው ሰው ብዙ ነው። ያያቱን ስምና ቀበሌውን ጠንቅቆ ያልጠየቀ ሠራተኛ የአንዱን ካርድ ለሌላው ሊያወጣ ይችላል፤ ከዚህም የተሳሳተ መድኃኒት ሊከተል ይችላል። ከከሚሴ ኦሮምኛ፥ ከአፋር አፋርኛ የሚናገር ሕመምተኛም ይመጣል። ለሽማግሌ «አንተ» ለባልቴት «አንቺ» የሚል ሰው እውነተኛ መልስ አያገኝም፤ የተናቀ ሰው በሽታውን ይደብቃልና።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኙ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ብዙ ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ሁላችንም እናውቃለን። አልጋና መሣሪያ በገንዘብ ይተካል፤ የአንድ ሰው የበሽታ ታሪክ ግን ከጠፋ የሚገዛበት ገበያ የለም። መዝገብ ጠባቂ የሚጠብቀው ይህን ነው።

እንግዲህ አባቴ ሆይ፥ ካርድ ለመጻፍ ፊደልና ቁጥር ይበቃል፤ ሰውን ለመጻፍ ግን ሰውን ማወቅ ያስፈልጋል። የማስበውን ሙያ ከነታሪኩና ከነቋንቋው ልማር ፈቃድዎ ይሁን። እናንተም ጓደኞቼ፥ የታሪክ ትምህርት የሶሻል ተማሪዎች ብቻ ነው አትበሉ። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ከአያቶቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ መቼ እንደ ተወለዱ በዘመኑ ነገር ጠይቁና በወረቀት ጻፉላቸው፤ ሐኪም ቤት በሚሄዱበት ቀን ያቺ ወረቀት ትጠቅማቸዋለች።