«ፀሐይ ያነቃሃል» ያልኩት ልጅ

ይህን ለመጻፍ አስር ቀን አመነታሁ። አብዛኞቻችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናችሁ። መንገድ ላይ ስታገኙኝ «ቲቸር» ብላችሁ ትጠሩኛላችሁ፣ «ሻይ ካልጋበዝንህ» ትላላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ሻይ የሚያስጋብዝ አይደለም። ቢሆንም ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ድሬ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ እንዴት እንደሰነበተች እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ርቃችሁ ላላችሁት ላስታውሳችሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እንኳ ግድግዳው ትኩስ ነው። ፍራሽ ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው። ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሌሊት ስለሆነ ጀሪካን ይዞ የሚያነጋም አለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዚራ ጥላ ያለበትን ጎን መርጣችሁ ትሄዳላችሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላውም አያድንም። ሽርጥ ለብሶ ኒም ዛፍ ሥር የተጋደመ ሰው ከቀትር በኋላ ቀና ብሎ ሰላምታ ከመለሰላችሁ በጣም አክብሯችኋል ማለት ነው። ሙቀት ለድሬ ልጅ አዲስ አይደለም። «ለምደነዋል» የምንለውም ለዚህ ነው። የኔም ጥፋት የጀመረው ከዚህ ቃል ነው።

የማስተምረው ከሰዓት ፈረቃ ነው። ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም፣ ስልሳ ሁለት ልጅ ይቀመጥበታል። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሁለተኛው ፔሬድ ላይ አንድ ልጅ ከኋላ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ አየሁት። ጓደኛው ነካ አደረገው፤ ቀና አለና መልሶ ተደፋ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ ፈተና ደርሷል፣ ያላለቀ ምዕራፍ አለብኝ።

«ውጣና ባንዲራው ጋ ቁም» አልኩት። «ፀሐይ ያነቃሃል።»

ወጣ። አልተከራከረም። እሱን የምታውቁት ብትሆኑ ዝም ብሎ መውጣቱ ብቻ ያስደነግጣችሁ ነበር። እኔን አላስደነገጠኝም፤ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ስንት ደቂቃ እንደቆመ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ሃያ ይጠጋል። መስኮት አጠገብ ያለችው ልጅ «ቲቸር፣ ወደቀ!» ብላ ስትጮህ ነው የሮጥኩት። ቆዳው ይፋጃል። ስሙን ስጠራው የማይገናኝ ነገር ይመልስልኛል። እኔ ቆሜ ስርበተበት ነገሩ የገባው የጥበቃው ጋሼ ናቸው። «ወደ ጥላ! ወደ ጥላ አስገቡት!» አሉ። ሸሚዙን ከፈቱለት፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ከአንገቱ ጀምሮ አፈሰሱበት፣ ልጆቹ በደብተር አራገቡለት። ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ «በቶሎ ማቀዝቀዛችሁ ነው የረዳው» አለችኝ። በማግስቱ ቤቱ ገባ። ዛሬ ደህና ነው፤ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ።

በኋላ ጓደኞቹን ስጠይቅ ሌሊቱን ውሃ ሲጠብቅ አንግቷል። ጠዋት ታይዋን ሸቀጥ ሲያወርድ ነበር። ምሳ አልበላም። በቂ ውሃም አልጠጣም። ለካ ልጁ እንቅልፋም አልነበረም፤ ሲደፋ ጀምሮ እየታመመ ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ክፍል ልምጣ።

ይህ ከመሆኑ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ለዚያው ክፍል ስለ አየር ትንበያ አስተምሬ ነበር። የምስራቅ አፍሪካን ካርታ ሰሌዳው ላይ ስዬ የክረምቱን ትንበያ አስረድቻለሁ። እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፣ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ካርታውን ማንበብ አያቅተኝም። ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ የሚባለው፣ ለአካባቢያችን አገሮች የወቅት ትንበያ ያወጣል። የኛው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የራሱን ያወጣል። ትንበያው «ሰኔ 3 ቀን 39 ዲግሪ ይሆናል» አይልም። የሚለው ወቅቱ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» የመሆኑን ዕድል ነው። ምንም ፍንጭ ባይኖር ለሦስቱም እኩል ሲሶ ሲሶ ይደርሳቸው ነበር። አንዱ ወደ 50 በመቶ ከፍ ካለ ሚዛኑ ወደዚያ አዘንብሏል ማለት ነው። መደበኛ የሚባለው ደግሞ የሰላሳ ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው።

ድሬ ለምን በሰኔ እንደምትጋልም አስረድቻለሁ። ፀሐይ አናታችን ላይ የምትሆነው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያኔ ግን የበልግ ዝናብና ደመና ያግዘናል። ግንቦት ሲጋመስ በልጉ ይወጣል፣ ክረምቱ ገና አልገባም። ሰማዩ ባዶ፣ መሬቱ ደረቅ። እርጥብ መሬት ከሆነ የፀሐዩ ኃይል ከፊሉ ውሃውን ሲያተን ያልቃል፤ ደረቅ መሬት ላይ ግን በቀጥታ አየሩን ያግለዋል። በዚያ ላይ እኛ 1,200 ሜትር አካባቢ ነን። ደንገጎን ወጥተን ሐረር ብንደርስ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለናል፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ነው ሐረር ስንደርስ ነፍሳችን መለስ የምትለው።

ጥሩ ትምህርት ነበር። የኛ አካባቢ ካርታው ላይ ከመደበኛ በላይ ሙቀት ወደሚያሳየው ቀለም ያዘነበለ ነበር፤ በቀይ ጠመኔ አቅልሜዋለሁ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አለች።

ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? «ጻፊው፣ ፈተና ላይ ይመጣል።»

እንግዲህ የዚያች ልጅ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ትንበያው ደርሶኛል። ተረድቼዋለሁ። አስተምሬዋለሁ። ከዚያ ያንኑ ትንበያ የሚሞቀውን ልጅ በቀትር ፀሐይ አቆምኩት። አለማወቅ ቢሆን በቀለለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከላብራቶሪ ቴርሞሜትር ተዋስኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ውጪ ጥላ ሥር 37 አነበብኩ። የኛ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ እንደተቀመጡ፣ 41 ሆነ። ልብ በሉ፤ በዜና የምንሰማው ዲግሪ የሚለካው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝ ነጭ ሳጥን ነው። ቆርቆሮ ሥር ያለ ልጅና ባንዲራ ሥር የቆመ ልጅ የሚሞቁት ያንን ቁጥር አይደለም። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሲበልጥ፣ ማለትም ወደ 35 ሲደርስና ሲያልፍ፣ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ ላብ ብቻ ነው። ለማላብ ደግሞ ውሃ መጠጣት አለበት። «በክፍል ውስጥ ውሃ መጠጣት ክልክል ነው» የሚለውን የራሴን ሕግ ያኔ አስታወስኩት። አዎ፣ እኔ ነበርኩ ያወጣሁት። ልጆቹ ሃይላንዳቸውን ዴስክ ሥር ይደብቁብኝ ነበር።

እኛ «ለምደነዋል» ስንል ጎረቤት ምን እያደረገ እንደሆነ እዩ። ደቡብ ሱዳን በመጋቢት 2016 ሙቀቱ እስከ 45 ይደርሳል ተብሎ ሲተነበይ ትምህርት ቤቶቿን ዘጋች። በየካቲት 2017 ተማሪዎች እየወደቁ ሲያስቸግር እንደገና ለሁለት ሳምንት ዘጋች። ጅዳ ያለችው እህቴ ነገሩን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እዚህ እኮ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውጪ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሳውዲ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ድረስ ክልከላው አለ። የግንበኛ ሥራ የሚቆምበት ሰዓት ላይ ነው እኔ ልጅ ያቆምኩት።

ድሬ ጎርፍን ታውቃለች። የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ እኔ ተማሪ ነበርኩ። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር ወንዙን ቀና ብሎ የማያይ የለም። ሙቀት ግን አይጮህም፣ ድልድይ አይሰብርም። ልጅን ዴስክ ላይ ቀስ ብሎ ይደፋዋል፤ እኛም ሰነፍ ነው እንላለን።

እናትየውን ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ ሲመጡ እጄን ይዘው «መምህር፣ ልጄን ስላነሳህልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «ምንም አይደል እናቴ» ብዬ ወጣሁ። አራት ቀን ቆይቼ ቤታቸው ሄድኩና ፀሐይ ላይ ያቆምኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ልጁ ቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል። «ትመጣ እንደሆነ ብዬ ስጠብቅህ ነበር» አሉኝ። ቡና አፈሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ምን ተደረገ? ርዕሰ መምህሩ ጋ ቴርሞሜትሩን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው» አሉ። ክፍል ገብተው አስር ደቂቃ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ስድስት ደቂቃ ተቀመጡ። ከሰኞ ጀምሮ ያለው ፈተና አንድ ቀን አንዱ ፈረቃ፣ በማግስቱ ሌላው እየሆነ ሁሉም ጠዋት ይፈተናል፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ኮርኒሱ በጀት ይጠይቃል፣ ገና ነው። ውሃ መጠጣት ተፈቅዷል። ይሄኛው በጀት አልጠየቀም።

ለመምህራን ወዳጆቼ፣ ያንን የልጅቷን ጥያቄ ዘግይቼም ቢሆን ልመልሰው። የወቅት ትንበያው «ከመደበኛ በላይ» ካለ ቀድማችሁ ስለ ጥላ፣ ስለ ውሃና ስለ ሰዓት ተነጋገሩ። የአስር ቀኑ ሲመጣ ስፖርትና ሰልፍ መቼ እንደሚሆን ወስኑ። የዕለቱን ደግሞ ጠዋት እዩት። ልጅ ራሱን ካዞረው፣ በጣም ካላበው፣ ካቅለሸለሸው ጥላ አስገቡት፣ ውሃ ቀስ በቀስ ስጡት። ቆዳው ከፋጀና ንግግሩ ከተምታታ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት፣ እየቀዘቀዘ ወደ ጤና ጣቢያ። ከሁሉም በፊት ግን ማንንም ልጅ ለቅጣት ፀሐይ ላይ አታቁሙ። እኔ ካቆምኩት ይብቃ።

ልጁ ክፍል ተመልሷል። በሩ አጠገብ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። እኔም በየቀኑ ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ ከቀኑ ሥር፣ የዕለቱን ትንበያ እጽፋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ረስቼው ትምህርት ስጀምር ከበሩ በኩል «ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ጠመኔውን አንስቼ ጻፍኩት፦ 38።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። በቅርቡ ይዘንባል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሁላችንም እንረሳዋለን። እስከሚቀጥለው ግንቦት። ስለዚህ በናንተ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ለሙቀቱ የተደረገ ነገር ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሰብስቤ መስከረም ላይ መጀመሪያው የመምህራን ስብሰባ ይዤው እገባለሁ። ሊወቅሰኝ የሚፈልግም ይጻፍ፤ አላጠፋውም።