ሐዋሳ ሩቅ ነበረች

ወዳጄ፣ ቡናው እስኪወርድ ላጫውትህ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የራሳችን ክልል እንዲኖረን በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጠነው ለምን ይመስልሃል? ለአንድ ፊርማ ከቴፒ እስከ ቀድሞው ክልላችን መቀመጫ ሐዋሳ ድረስ መንከራተት መሮን ነው። ካፋ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታም አብረውን ወሰኑ።

ኅዳር 14 አዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። መቀመጫዎቹም ተከፋፈሉ፦ አስፈፃሚው ቦንጋ፣ ምክር ቤቱ ተርጫ፣ ዳኝነቱ ሚዛን አማን፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤት እኛው ዘንድ ቴፒ። ደግ አሳብ ነው፤ አንዱ ከተማ ሁሉን አልጠቀለለም። ባለጉዳዩ ግን የሚፈልገው ቢሮ ቦንጋ ከሆነ፣ ዛሬም ስንቅ ቋጥሮ ይነሳል።

እኔ የምለው፣ ተመራጮቻችንም የባለጉዳዩን መንገድ እንዲያውቁት በክረምት ቀበሌ ይውረዱ። ቡና የሚወጣበትን ጭቃ መንገድ በእግራቸው ይሂዱበት፤ በጀቱን ከዚያ በኋላ ይደልድሉ።